ያልተጻፈ ቋንቋ እንዴት ይነበባል?

«ህንድ» ስንል መጀመሪያ ከአፋችን የምትወጣው «ህ» የራሷ ታሪክ አላት። ዛሬ ፓኪስታንን አቋርጦ ባሕር የሚገባውን ታላቅ ወንዝ በጥንት ዘመን ዳርቻው ላይ የሰፈሩት ሰዎች በ«ስ» ጀምረው «ሲንድሁ» ይሉት ነበር። ከእነርሱ በስተምዕራብ የሚኖሩት ፋርሶች ያንኑ ስም በ«ህ» ጠሩት። ንጉሥ ዳርዮስ ግዛቶቹን በዘረዘረባቸው የድንጋይ ጽሑፎች ላይ አገሩ «ሂንዱሽ» ተብሎ ሰፍሯል። ግሪኮች ከፋርሶች ተቀብለው «ህ»ዋን ጣሉና «ኢንዶስ» አሉ፤ «ኢንዲያ» ከዚያ ወጣ። ዐረቦች «ሂንድ» ይላሉ፤ እኛም «ህ»ዋን ይዘናል። በመጽሐፈ አስቴር መክፈቻ ላይ የፋርሱ ንጉሥ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ እንደ ገዛ ሲነገር፣ በዕብራይስጡ የአገሩ ስም «ሆዱ» ነው፤ እሱም ከዚያው ከፋርሱ አጠራር የመጣ ነው።

ፋርሶች ስሙን ያበላሹት ሊመስል ይችላል። አላበላሹትም። ነገሩ በአንድ የወንዝ ስም ላይ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ አጋጣሚ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ነገር ግን የጥንቱን የህንድ ቋንቋ ሳንስክሪትን እና ከጥንታዊ የኢራን ቋንቋዎች አንዱ የሆነውን፣ የዞራስተር ሃይማኖት ቅዱሳት መጻሕፍት የተቀነባበሩበትን የአቬስታን ቋንቋ ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ይኸው ለውጥ ደጋግሞ ይመጣል። «ሰባት» በሳንስክሪት ሰፕተ፣ በአቬስታ ሀፕተ ነው። ለአምልኮ የሚጨመቀው ተክል በአንዱ ሶመ፣ በሌላው ሀኦመ ይባላል። አንዱ አሱረ ያለውን ሌላው አሁረ ይለዋል፤ የዞራስተር ተከታዮች አምላካቸውን አሁራ ማዝዳ የሚሉት በዚህ ቃል ነው። ሰረስቨቲ የተባለው የህንድ ወንዝ ስም በአፍጋኒስታን በኩል ሀረኽቨይቲ ሆኖ ይገኛል።

(የእነዚህን ቋንቋዎች ቃላት በፊደላችን ስጽፍ አጭሩን «አ» በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ አስቀምጣለሁ፤ «ተ» አጭር፣ «ታ» ረጅም ማለት ነው። አጻጻፉ ለጆሮ ቅርብ እንዲሆን እንጂ እያንዳንዱን ድምፅ በትክክል እንዲወክል አይደለም።)

ይህ ሥርዓት ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ግዕዝ «መጽአ» ያለውን ትግርኛ «መጸ»፣ አማርኛ «መጣ» ይላል። ግዕዝና ትግርኛ «ጸበበ» ሲሉ አማርኛ «ጠበበ» ይላል። የግዕዙ «ጸብሐ» በአማርኛ «ጠባ» ነው፤ «ነጋ ጠባ» ስንል እናገኘዋለን። ከዛሬ ጀምሮ «ጸ»ን «ጠ» እንበለው ብሎ የወሰነ ጉባኤ አልነበረም። ድምፁ በትውልዶች መካከል ቀስ ብሎ ተለወጠ፤ ሲለወጥም ቃል መርጦ ሳይሆን በቋንቋው ውስጥ በተገኘበት ሁሉ ተለወጠ። «ጸሎት» እና «ጸሐፊ» ከዚህ ያመለጡት ከግዕዝ መጻሕፍት ተመልሰው የገቡ በመሆናቸው ነው። እንዲህ ያለ ያፈነገጠ ቃል ሲገኝ ምክንያት ይፈለግለታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ይገኝለታል።

ቋንቋዎችን እያነጻጸረ ዝምድናቸውን የሚፈልገው ጥናት መሠረቱ ይኸው መደበኛነት ነው። ሁለት ቃላት ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አይሆኑም። ሰፕተ የእኛን «ሰባት» ትመስላለች፤ ከዚህ ተነስቶ ሳንስክሪትና አማርኛ የአንድ እናት ልጆች ናቸው የሚል ሰው ግን ይሳሳታል። በፋርስኛ «መጥፎ» ማለት «በድ» ነው፤ በእንግሊዝኛም «ባድ» ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ምንም የሚያገናኛቸው ነገር የለም። በአንጻሩ «ሰ» እና «ሀ» ምንም አይመሳሰሉም፤ ሆኖም በአንድ ቋንቋ «ሰ» በተገኘበት ቦታ በሌላው እየደጋገመ «ሀ» ሲመጣ፣ ያ አለመመሳሰል ከመመሳሰል የበለጠ ማስረጃ ይሆናል።

ዳኛው ዊልያም ጆንስ በካልካታ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የካቲት 2 ቀን 1786 ባደረገው ንግግር ሳንስክሪት ከግሪክኛና ከላቲን ጋር ያለው ዝምድና በአጋጣሚ ሊመጣ እንደማይችል፣ ምናልባትም ዛሬ ከሌለ ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን ተናገረ፤ ፋርስኛንም ወደዚያው ቤተሰብ ጨመረ። ከእርሱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው አንኬቲል ዱፔሮን ህንድ ድረስ ሄዶ ከዞራስተር ካህናት ዘንድ ተምሮ የአቬስታን ትርጉም በ1771 አሳትሞ ነበር። ብዙዎች ሐሰተኛ ነው ብለው አጣጣሉት። የጽሑፉን ጥንታዊነትና እውነተኛነት በ1826 ያስረዳው የዴንማርኩ ራስሙስ ራስክ ነው።

ከዚያ በኋላ የሁለቱን ቋንቋዎች ቅርበት መጠራጠር አልተቻለም። ለአምላኩ ለሚትራ በቀረበው የአቬስታ መዝሙር ውስጥ «ያን ኃያል፣ ሊመለክ የሚገባ፣ ብርቱ» የሚለው ሐረግ እንዲህ ይነበባል፦ ተም አመቨንተም የዘተም ሱረም። የድምፅ ሕጎቹን ብቻ ተከትለን ወደ ሳንስክሪት ስናዞረው ተም አመቨንተም የጀተም ሹረም ይሆናል። ቃል አልተቀየረም፤ የቃላቱ ቅደም ተከተል አልተነካም፤ ሰዋስዉም ያው ነው። ሁለት ሃይማኖቶች፣ ሁለት አገሮች፣ በመካከላቸው የሂንዱኩሽ ተራሮች፣ ከሥር ግን አንድ ቋንቋ። ይህ ከሥር ያለው ቋንቋ ቅድመ ህንድ-ኢራናዊ ይባላል። ማንም አልጻፈውም። ልጆቹ ግን ዛሬ ከ1 ቢሊዮን በላይ በሆኑ ሰዎች አፍ ላይ አሉ፤ ሂንዲ፣ ኡርዱ፣ ቤንጋሊ፣ ፑንጃቢ፣ ኔፓሊ፣ ሲንሃላ በአንድ በኩል፣ ፋርስኛ፣ ኩርድኛ፣ ፓሽቶ፣ ባሉቺ፣ በካውካሰስ ተራሮች የሚነገረው ኦሴትኛ በሌላው በኩል።

ሁለት ልጆች ሲለያዩ የትኛው የእናቱን ድምፅ እንደ ጠበቀ በምን ይታወቃል? አንዱ ጥሩ መፈተኛ የድምፆች መዋሐድ ነው። ሳንስክሪት ትንፋሽ የሌላቸውን «ብ»፣ «ድ»፣ «ግ» እና ትንፋሽ የተከተላቸውን «ብህ»፣ «ድህ»፣ «ግህ» ለይቶ ይይዛል። «ወንድም» በሳንስክሪት ብህራታ፣ በአቬስታ ብራታ ነው፤ በዛሬው ፋርስኛ በራደር ሆኗል። በሳንስክሪት ዳ «መስጠት»፣ ድሃ ደግሞ «ማስቀመጥ» ነው። በአቬስታ ሁለቱም ዳ ናቸው። እናትየው አንድ ድምፅ ብቻ ኖሯት ሳንስክሪት ሁለት አድርጎ ከፈለው እንዳንል፣ «መስጠት» ያለ ትንፋሽ፣ «ማስቀመጥ» ከትንፋሽ ጋር የሚሆንበትን ምክንያት ልናቀርብ አንችልም። የተለዩ ድምፆች ሊዋሐዱ ይችላሉ፤ አንድ ጊዜ የተዋሐዱ ግን ያለምክንያት በየቦታቸው ተመልሰው አይለያዩም። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፣ በራ ሲሆን «ሰረቀ» ያው የሌባው ሥራ ነው። ዛሬ ስናነባቸው ልዩነት የላቸውም። ፊደላችን ሁለቱን «ሠ/ሰ» ባይጠብቅልን ኖሮ ማንም ከጆሮው ተነስቶ ሊለያቸው አይችልም ነበር። ስለዚህ በትንፋሹ ጉዳይ ሳንስክሪት የእናቱን ጠብቋል፤ ኢራናዊው ወገን አዋሕዷል።

በ«ሰ» እና «ሀ»ም እንዲሁ ነው። «ነው» የሚለው ቃል በሁለቱም አስቲ ነው፤ ከ«ት» በፊት ሲሆን ኢራናዊውም «ስ»ን አልነካም። «ስ» የነበረው በአንዳንድ ቦታ ወደ «ህ» ተለወጠ፣ በአንዳንዱ ቀረ ብንል ሁሉም ይገጥማል። በአቬስታ «ይቆማል» የሚለው ቃል ሂሽተይቲ ነው፤ በላቲን ዘመዱ ሲስቲት ነው። በላቲኑ ሁለት «ስ» አሉ። በአቬስታው የመጀመሪያው «ህ» ሲሆን ሁለተኛው «ሽ» ሆኗል። የሁለተኛው ምክንያት በፊቱ ያለው «ኢ» ነው፤ በቅድመ ህንድ-ኢራናዊ «ስ» ከ«ር»፣ ከ«ኡ»፣ ከ«ክ» እና ከ«ኢ» በኋላ ሲመጣ ወደ «ሽ» ይጠጋ ነበር። «ት» ስለሚከተለው ደግሞ «ስ»ን ወደ «ህ» የወሰደው የኢራን ለውጥ፣ እንደ አስቲ ሁሉ፣ አላገኘውም። በአንድ ቃል ውስጥ የሁለት ለውጦች አሻራ ጎን ለጎን ይገኛል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ የሚያስቸግር ቃል አለ፤ «መቶ»። በሳንስክሪት ሸተም፣ በአቬስታ ሰተም ነው። በላቲን ኬንቱም ነው፤ በ«ክ» ይጀምራል። ይህ «ክ» በምሥራቁ ወገን ወደ ፊት ጥርስ ተጠግቶ «ሽ» እና «ስ» ሆነ። እስካሁን ያልነው እውነት ከሆነ ግን አቬስታ «ስ»ን ወደ «ህ» ይለውጥ ነበርና «ሀተም» መሆን አልነበረበትም? አልሆነም። የጥንቱ ፋርስኛ ደግሞ በዚህ ቦታ ሌላ ድምፅ ያወጣል፤ ዐረቦች በ«ث» የሚጽፉት፣ ምላስ በጥርሶች መካከል ወጥቶ የሚነገረው። «ሽ»፣ «ስ» እና ይህ ሦስተኛው ከአንድ ምንጭ ከወጡ ምንጩ የትኛው ነበር? ይህን ጥያቄ ለጊዜው አቆየዋለሁ፤ መልሱ የሚገኘው በወረቀት ላይ አይደለም።

በግሌ ከዚህ ጥናት ሁሉ የሚያስደንቀኝ የአናባቢዎቹ ታሪክ ነው። ሳንስክሪት በ«አ» የተሞላ ቋንቋ ነው። ግሪክኛና ላቲን «ኤ»፣ «ኦ» እና «አ» ባሉበት ቦታ ሳንስክሪት አንድ «አ» ብቻ ይዟል። «ስምንት» በላቲን ኦክቶ፣ በሳንስክሪት አሽታ ነው፤ «ነው» በላቲን ኤስት፣ በሳንስክሪት አስቲ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት ሳንስክሪት ከሁሉ ጥንታዊ ነው ብለው ያምኑ ስለነበር፣ የሁሉም እናት (ከቅድመ ህንድ-ኢራናዊም የምትቀድመው) «አ» ብቻ ነበራት፣ አውሮፓውያኑ ናቸው በሦስት የከፈሉት ብለው ደመደሙ። ጀርመናዊው አውጉስት ሽላይኸር በ1868 በዚያ በጠፋው የእናት ቋንቋ ስለ በግና ስለ ፈረሶች አጭር ተረት ጽፎ ነበር፤ አናባቢዎቹ ከሞላ ጎደል «አ» ብቻ ናቸው። ከቃሉ ፊት ኮከብ ምልክት እያደረጉ «ይህ ቃል ተመልሶ የተገመተ እንጂ ተጽፎ የተገኘ አይደለም» ማለትን ያስለመደውም እርሱ ነው። ትሑት ልማድ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል።

ተረቱ ግን ብዙ ሳይቆይ አረጀ። በ1870ዎቹ በተለያዩ አገሮች ያሉ በርካታ ሊቃውንት በአንድ ጊዜ ገደማ ወደ አንድ መልስ ደረሱ። የተነሱት ከዚህ ነው፤ በሳንስክሪት ከ«አ» በፊት አንዳንድ ጊዜ «ክ»፣ አንዳንድ ጊዜ «ች» ይመጣል። «ማን» ከስ ነው። «እና» ደግሞ ቸ ነው። «ሠራ» ማለት ቸካረ ነው፤ ግንዱ ካር ሲሆን የመጀመሪያው ፊደል ሲደገም «ክ» ሳይሆን «ች» ሆኗል። አናባቢው በሁሉም ቦታ «አ» ከሆነ ይህን ልዩነት ምን አመጣው?

መልሱን ከአማርኛ ልንረዳው እንችላለን። ከ«ሰበረ» ሰባሪ፣ ከ«ለቀመ» ለቃሚ እንላለን፤ የሠሪው ስም በመጨረሻው ላይ «ኢ» ይጨምራል። ከ«ከፈተ» ግን ከፋች እንጂ ከፋቲ አንልም። ከ«ወሰደ» ወሳጅ፣ ከ«ቀመሰ» ቀማሽ፣ ከ«ለመነ» ለማኝ፣ ከ«ከፈለ» ከፋይ። «ኢ» የት ሄደች? «ት»ን ወደ «ች»፣ «ድ»ን ወደ «ጅ»፣ «ስ»ን ወደ «ሽ» ጎትታ ራሷ ጠፋች። ብትጠፋም አሻራዋ በተናባቢው ላይ ቀርቷል። ከአማርኛ በቀር ምንም የማያውቅ ሰው እንኳን «ሰባሪ»ን ከ«ከፋች» አጠገብ አስቀምጦ፣ እዚህ የጠፋች «ኢ» ነበረች ሊል ይችላል፤ ትክክልም ይሆናል።

በሳንስክሪትም የሆነው ይኸው ነው። ሳንስክሪት «ች» ባለበት ቦታ ላቲንና ግሪክኛ «ኤ» አላቸው፤ ለ«እና» ላቲን ክዌ፣ ግሪክኛ ቴ ይላሉ። ሳንስክሪት «ክ» ባለበት ቦታ ግን «ኦ» ወይም «አ» አላቸው። ቸካረ ውስጥ ያለው የተደገመ ክፍለ ቃልም በግሪክኛ አቻዎቹ ሁልጊዜ «ኤ» ነው፤ ሌሎይፓ፣ «ትቻለሁ» እንደሚለው። ስለዚህ ቅድመ ህንድ-ኢራናዊ በመጀመሪያ «ኤ» ነበረው። ያ «ኤ» በፊቱ ያለውን «ክ» ወደ «ች» ጎተተ። ከዚያ በኋላ «ኤ»ም «ኦ»ም ከ«አ» ጋር ተዋሐዱ። ቅደም ተከተሉ የግድ እንዲህ ነው፤ መዋሐዱ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ «ች»ን የሚያመጣ ምንም ነገር አይቀርም ነበር። ጥንታዊ ነው የተባለው ሳንስክሪት በአናባቢ በኩል ከአውሮፓውያኑ የበለጠ የተለወጠ ሆኖ ተገኘ፤ ይህንንም የመሰከረበት ራሱ ሳንስክሪት ነው። በአንድ ቋንቋ ውስጥ የነበረ ክብርን አውርዶ እውነትን ያነገሠ ግኝት ነውና ሊቃውንቱን አከብራቸዋለሁ።

ሌላው የአሻራ ታሪክ ከዚህም ይበልጥ ይገርማል። በ1879 ታትሞ በወጣ ሥራው የ21 ዓመቱ የጄኔቫ ተወላጅ ፈርዲናንድ ደ ሶሱር፣ በእነዚህ ቋንቋዎች ውስጥ ያሉ አንዳንድ ረጅም አናባቢዎች ከመጀመሪያው ረጅም እንዳልነበሩ፣ ከጎናቸው ጠፍቶ የቀረ ሌላ ድምፅ እንደ ነበር ከሥርዓቱ ብቻ ተነስቶ ገመተ። ያን ድምፅ በየትኛውም በሚታወቅ የቤተሰቡ ቋንቋ ውስጥ ሰምቶት የሚያውቅ አልነበረም። ብዙዎች እንደ ሒሳብ ጨዋታ ቆጠሩት። በኋላ በቱርክ ምድር ከተቆፈሩ የሸክላ ጽላቶች የዚሁ ቤተሰብ የሆነው የሒታይት ቋንቋ ተነበበ፤ የፖላንዱ ዬዢ ኩሪዎቪች በ1927 ሶሱር ገምቶ ባስቀመጣቸው ቦታዎች ላይ በሒታይት የጉሮሮ «ኅ» ተጽፎ እንደሚገኝ አሳየ። ሶሱር በ1913 አርፎ ነበር።

እኛ ይህን በቤታችን እናውቀዋለን። አማርኛ «ሰማ» እና «በላ» ይላል፤ ሁለት ተናባቢ ብቻ ያላቸው፣ በ«ኣ» የሚያልቁ ግሦች። «ሰበረ» ሦስት ተናባቢ ሲኖረው እነዚህ ለምን ሁለት ሆኑ? ግዕዝ ይመልሳል፤ «ሰምዐ»፣ «በልዐ»። የጉሮሮው «ዐ» በአማርኛ ሲጠፋ ቦታውን ለረጅሙ አናባቢ ትቶ ሄደ። ሒታይት ለእነዚያ ቋንቋዎች የሆነላቸው ግዕዝ ለአማርኛ የሆነለትን ነው።

በህንድ-ኢራን በኩል ደግሞ ድምፁ እስከ መቼ እንደ ቆየ የሚያሳይ ምስክር አለ፤ የግጥም ልክ። «ነፋስ» በሳንስክሪት ቫተ ነው፤ ሲጻፍ ሁለት ክፍለ ቃል ነው። ሪግቬዳ በተባለው ጥንታዊ የሳንስክሪት መዝሙሮች ስብስብ አንዳንድ ስንኞች ውስጥ ግን ልኩ የሚሞላው ቨአተ ተብሎ በሦስት ሲነበብ ብቻ ነው። ዞራስተር እንደ ደረሳቸው በሚታመኑት ጋታ በተባሉት መዝሙሮችም ይኸው ቃል በሦስት ይቆጠራል። በመካከል የነበረው የጉሮሮ ድምፅ ጠፍቶ ሳለ ዜማው ቦታውን ጠብቆለታል። ሁለቱም ወገኖች አሻራውን ከያዙ፣ ድምፁ በእናትየው ዘመን ገና ሕያው ነበር። ሪግቬዳ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይጻፍ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል የተላለፈ ነው፤ ቃል በቃል፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ጥንድ ጥንዱን እያጣመሩ ጭምር ያጠኑት ነበር። በአብነት ትምህርት ቤት ቃል ያጠና ወይም አጠናሁ የሚል አባት ያለው አንባቢ፣ የሰው አእምሮ ይህን ያህል ሊጠብቅ መቻሉን አይጠራጠርም።

«ቡድሃ» የሚለው ስምም ሁለት ሕጎችን ተሸክሟል። ቃሉ «የነቃ» ማለት ነው። ግንዱ በመጀመሪያ ብሁድህ ነበር፤ በሁለቱም ጫፍ ትንፋሽ ነበረው። ሳንስክሪት በአንድ ግንድ ውስጥ ሁለት ትንፋሽ አይወድም፤ የመጀመሪያውን ይጥላል። ይህን በ1863 ያስተዋለው የሒሳብ ሊቁ ሄርማን ግራስማን ነው። ከዚያ «ተ» የሚለው መድረሻ ሲጨመር፣ የ«ድህ» ትንፋሽ ወደ «ተ» ተሻግሮ «ተ»ን ራሱን «ድ» ያደርገዋል፤ ቡድህ እና ተ ተገናኝተው ቡድድኸ ይሆናሉ። ይህ ሁለተኛው ሕግ በጀርመናዊው ክርስቲያን ባርቶሎሜ ስም ይጠራል። በጋታ መዝሙሮች «አለ፣ ተናገረ» የሚለው ቃል አኦገዳ ነው። መድረሻው በተለመደው ሁኔታ «ታ» ነበር፤ እዚህ ግን «ዳ» ሆኗል። ያደረገው በፊቱ የነበረው የ«ግህ» ትንፋሽ ነው፤ ኢራናዊው ትንፋሹን ከጣለ በኋላም ሥራው ቀረ። ስለዚህ የባርቶሎሜ ሕግ የእናትየው ሕግ ነበር።

ከውጭ የመጡ ምስክሮችም አሉ። ቱርክ ውስጥ በቦአዝኮይ የተገኘ፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሒታይቶችና በሚታኒ ነገሥታት መካከል የተደረገ ውል ለምስክርነት ከጠራቸው አማልክት መካከል ሚትራ፣ ቨሩነ፣ ኢንድራ እና ናሰትያ ይገኛሉ፤ የሪግቬዳ አማልክት፣ ከህንድ እጅግ ርቀው በሶርያ በኩል። ኪኩሊ የተባለ የሚታኒ ሰው ስለ ፈረስ ማሠልጠን ባስጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ዙር የሚቆጥርባቸው ቃላት «አይክ» (አንድ)፣ «ቴር» (ሦስት)፣ «ፓንዝ» (አምስት) እያሉ ይጀምራሉ። በሳንስክሪት «አንድ» ኤከ ነው። ሊቃውንቱ ይህ «ኤ» ከጥንት «አይ» የመጣ ነው ብለው አስልተው ነበር፤ የፈረስ አሠልጣኙ ያንኑ «አይ» በሸክላ ላይ ትቶልናል። በሰሜን ደግሞ ፊንላንዶች «መቶ»ን ሳታ፣ «መዶሻ»ን ቫሳራ ይላሉ። ሁለተኛው ኢንድራ የሚወነጭፈው የመብረቅ መሣሪያ ቨጅረ ነው። ፊንላንድኛ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም፤ አያቶቹ በኡራል ተራሮች አካባቢ ከእናትየው ተናጋሪዎች ወይም ከቅርብ ልጆቿ ጋር ጎረቤት ሳሉ ቃላቱን ተውሰዋል።

ይህም ስለ ቦታው ይጠቁማል። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ቅድመ ህንድ-ኢራናዊን ከደቡብ ኡራል በስተምሥራቅ፣ በዛሬዋ ሩሲያ ቼልያቢንስክ አካባቢ ከ2100 እስከ 1800 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ከኖረው የሲንታሽታ ባህል ጋር ያገናኙታል። በዚያ መቃብሮች ውስጥ በዓለም ላይ ከታወቁት ሁሉ ቀዳሚ የሆኑ የጦር ሠረገላዎች ተገኝተዋል። ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል፤ ሠረገላ በሳንስክሪት ረትሀ ነው፣ በአቬስታም አቻው አለ፤ ተዋጊው በሁለቱም ዘንድ «በሠረገላ ላይ የሚቆም» ይባላል።

የድምፅ ሕግ ስለ ትርጉም ግን ዋስትና አይሰጥም። ዴቨ በሳንስክሪት አምላክ ነው፤ የአቬስታው ደኤቨ ጋኔን ነው። ድምፁ በትክክል ይገጥማል፤ ሃይማኖቱ ግን ተገልብጧል።

ሁለቱም ወገኖች ራሳቸውን የጠሩበት ቃል «አርየ» ነበር። ዳርዮስ በናቅሽ ሩስታም ባስቀረጸው ጽሑፍ ራሱን አርያዊ፣ የአርያዊ ዘር ይላል፤ «ኢራን» የሚለው ስም ራሱ «የአርያውያን» ከማለት የመጣ ነው። ይህን ቃል በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓውያን ነጥቀው የሰሜን ነጭ ዘር ስም አደረጉት፤ ናዚዎች ሚሊዮኖችን ሲፈጁ ይህን ስም እየጠሩ ነበር። ይህ በቋንቋ ጥናት ላይ የተፈጸመ ስርቆት ነውና ዝም ብዬ አላልፈውም። የቋንቋ ዝምድና የደም ዝምድና አይደለም። ቋንቋ በጋብቻ፣ በንግድ፣ በድል፣ በጉርብትና ይተላለፋል። ናዚዎች እንደ አውሬ አሳድደው የገደሏቸው ሮማዎች የሚናገሩት ሮማኒ ራሱ የሳንስክሪት ዘመድ፣ ከህንድ የወጣ ቋንቋ ነው።

ወደ አቆየሁት ጥያቄ ልመለስ። በአቬስታ «መቶ» ለምን ሰተም ሆኖ «ሀተም» ሳይሆን ቀረ? «ስ» ወደ «ህ» ሲለወጥ፣ በ«መቶ» መጀመሪያ ላይ ያለው ድምፅ ገና «ስ» አልነበረም ማለት ነው። «ት» እና «ስ» ተጣምረው እንደሚነገሩበት ያለ አንድ ድምፅ ከሆነ፣ ሳንስክሪት ወደ «ሽ»፣ አቬስታ ወደ «ስ»፣ ጥንታዊው ፋርስኛ በጥርሶች መካከል ወደሚነገረው ድምፅ መውሰዳቸው ቀላል ይሆናል። ስሌቱ ያምራል፤ ሆኖም በሳንስክሪትም ሆነ በአቬስታ መጻሕፍት ውስጥ ያ ድምፅ በዚያ ቦታ የለም።

በአፍጋኒስታን ምሥራቅ፣ በሂንዱኩሽ ሸለቆዎች ውስጥ ኑሪስታን የሚባል አገር አለ። እስከ 1890ዎቹ ነዋሪዎቹ የራሳቸውን ጥንታዊ አማልክት ያመልኩ ነበር፤ አሚር ዐብዱራሕማን አገሩን ይዘው ሕዝቡን ካሰለሙ በኋላ «የብርሃን አገር» የሚለው ስም ወጣለት። ኖርዌያዊው ጌዮርግ ሞርገንስትየርነ በ1924 ወደ ካቡል ሄዶ የእነዚህን ሰዎች ቋንቋዎች መመዝገብ ጀመረ። የህንዱን ወገንም የኢራኑንም ወገን ሙሉ በሙሉ አይመስሉም፤ ዛሬ ብዙዎች ሦስተኛ ቅርንጫፍ ናቸው ይላሉ። «ዐሥር» በላቲን ዴኬም፣ በሳንስክሪት ደሸ፣ በአቬስታ ደሰ ነው፤ የ«መቶ»ው ዓይነት ድምፅ በመካከሉ አለ። ከኑሪስታን ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በካቲ «ዐሥር» ዱትስ ነው። «ት» እና «ስ» ተጣምረው፣ ስሌቱ በጠበቃቸው ቦታ ላይ፣ ጣቱን በሚቆጥር ልጅ አፍ ውስጥ።